የእናቴ ቤት ጥራጊ ማሳዋን ያጠግባልን? አንድ ጥያቄና 16 መልሶች

ጥያቄውን በዚህ የውይይት ገጽ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ውይይቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ስለረዘመና አዲስ የሚገባ ሰው መሐሉ ላይ ስለሚጠፋ፣ የተባለውን ሁሉ በየተራው አሰባስቤ በራሴ አገላለጽ ማስፈሩ ተገቢ መሰለኝ።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ ደጋ መንደር ትኖራለች። አንድ ጥማድ የገብስ ማሳ፣ ከቤቷ ጀርባ የጎመንና የድንች መደብ፣ ሁለት ላሞች፣ አንድ ጥጃና ስምንት በጎች አሏት። ከቤት የሚወጣው የድንች ልጣጭ፣ የሽንኩርት ቅርፊት፣ የቡና አተላ፣ ከጠላ የተጣለ ጌሾ፣ ከወለል የተጠረገ ገለባና የምድጃ አመድ ሁሉ ከአጥሩ ሥር ይደፋል፤ በበጋ ሲደርቅ እሳት ይለቀቅበታል። የከረጢት ማዳበሪያ ዋጋ ከዓመት ዓመት እያሻቀበ ስለሄደ፣ ይህን ጥራጊ አብላልተን ኮምፖስት (የተፈጥሮ ማዳበሪያ) አድርገን ገብሷን ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ ማብቀል እንችል እንደሆነ ነበር የጠየቅሁት። የደረሰብኝንም አልደበቅሁም። ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ በገዛ እጄ ከወገቤ በላይ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሬ የተገኘውን ሁሉ ሞላሁበት፤ በነሐሴ ስመለስ ያገኘሁት አፈር ሳይሆን ወይባ አረፋ የያዘና ደጁን ሁሉ ያከረፋ ጥቁር ውሃ ነበር። ጎረቤቶቻችን አፍንጫቸውን ይዘው ሲያልፉ እናቴ ያፈረችውን ያህል ያፈረ ሰው የለም።

የመጀመሪያው መልስ ጡረታ ከወጡ የግብርና ባለሙያ የመጣ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ስሕተቴ የጉድጓዱ ሳይሆን የወቅቱ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። ጉድጓድ የሚሠራው ለበጋ ነው፤ እርጥበቱን ከነፋስና ከፀሐይ ይሸሽግለታል። በክረምት ግን ከመሬት በላይ ተከምሮ፣ ዙሪያው የውሃ መውረጃ ተቆርጦለት፣ አናቱ በሣር ወይም በገለባ ሊከደን ይገባዋል፤ አለዚያ ውሃ ሞልቶበት አየር ሲያጥረው መብላላቱን ትቶ ይከረፋል። ለደጋ አገር የሚስማማው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው አሉ፤ አረሙና ለምለሙ ገና ያልደረቀበት፣ የምንጩም ውሃ ያልራቀበት ወቅት ስለሆነ። አደራረቡንም ዘረዘሩልኝ። ከሥር አየር እንዲያስገባ ወፈር ያለ የማሽላ ወይም የባቄላ አገዳ ይነጠፋል፤ በላዩ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ገለባ፣ ቀጥሎ ያንኑ ያህል ለምለም ቅጠልና የወጥ ቤት ጥራጊ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጣት የሚሆን እበት ወይም ፋንድያ፣ በመጨረሻም ስስ አፈር ከጥቂት አመድ ጋር ይበተናል። እያንዳንዱ ድርብ ውሃ ይረጭበታል፤ ከውስጡ አንድ እፍኝ ዘግነው ሲጨምቁት እጅ ማርጠብ አለበት እንጂ መንጠባጠብ የለበትም። ክምሩ በቁመትም በወርድም ከአንድ ሜትር ካነሰ ሙቀቱን መያዝ ስለማይችል፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚጣል የቤት ጥራጊ ለብቻው አይግልም። ስለዚህ ጥራጊው በአንድ ጥግ ተሸፍኖ ይጠራቀምና ገለባው፣ ቅጠሉና እበቱ ሲሟሉ በአንድ ቀን ይከመራል።

በ2ኛው መልስ አንድ የሰሜን ሸዋ ልጅ ለዚሁ ምክር አጭር ተጨማሪ ሰጠ። በክምሩ መሐል ረጅም ቀጥ ያለ ዱላ ተተክሎ ይቆያል፤ ከሳምንት በኋላ ሲመዘዝ ሞቆና ወዝቶ ከወጣ ሥራው በደኅና ሄዷል፤ ደረቅና ነጭ ሆኖ ከወጣ ውሃ ይጨመራል፤ ቀዝቅዞ የሚሸት ከሆነ ክምሩ ፈርሶ ደረቅ ገለባ እየተቀላቀለ እንደገና ይደረደራል። በየወሩ አንድ ጊዜ ቢገላበጥ በሦስት በአራት ወር ይደርሳል ብሏል።

ክርክሩን የጀመረው አመዱ ነው። 3ኛው መላሽ አባቶች አመድን በጓሮ ሲበትኑ መኖራቸውን ጠቅሶ፣ አንደኛው መላሽ ስስ አመድ ማለታቸውን ነቀፈና ያለው ሁሉ በብዛት እንዲጨመር መከረ። 4ኛዋ መላሽ፣ የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ ያለች፣ ይህን ያረመችው በትዕግሥት ነበር። አመድ ፖታሽየምና ካልሲየም ይዟል፤ ሰብልን የሚያሳድገው ናይትሮጅን ግን በምድጃው ውስጥ ከጭሱ ጋር ሄዷል። ከትኩስ እበትና ከሽንት ጋር በብዛት ሲደባለቅ ደግሞ በእነሱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን አሞንያ ወደተባለ ጋዝ ለውጦ ያበንነዋል፤ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ የሚነግረን ይህንኑ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን አመድ ከክምሩ ይልቅ በቀጥታ ማሳ ላይ መበተን ይሻላል፤ በተለይም አፈሩ አሲዳማ በሆነበት እንደ ጎጃም ባለው ደጋ እንደ ኖራ ያገለግላል። በነጭ ጨዋማ አፈር ላይ ግን ጉዳቱ ያመዝናል። እናቴ ከአጥሩ ሥር የምታከማቸው የአመድ ጉብታ ጥቅም እንዳለው፣ ቦታው ግን ሌላ መሆኑን የተረዳሁት ከዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው የጨዋ ነበር። 5ኛው መላሽ ሲገባ ድምፁ ተለወጠ። በእርሱ አስተያየት ለድሀ ገበሬ ልጣጭ ሰብስብ ማለት በሆዱ ላይ መፍረድ ነው። ሒሳቡን እንዲህ አስቀመጠው፦ ዩሪያ ከተባለው የከረጢት ማዳበሪያ አንዱ ኩንታል 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል፤ በደረቁ ሲመዘን 1 በመቶ ያህል ናይትሮጅን ያለው ኮምፖስት ይህን እንዲተካ 46 ኩንታል ደረቅ፣ ከእርጥበቱ ጋር 92 ኩንታል ያህል ያስፈልጋል። ከዚያም ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ለሰብሉ የሚለቀቀው ጥቂቱ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የምትሸከመው አህያ ነችን ወይስ ጠያቂው ራሱ መሆኑን እንድመልስለት ጠየቀኝ። ቃሉ ቢጎረብጠኝም ሒሳቡ ትክክል ነውና አልተከራከርሁትም።

6ኛው መላሽ ግን በቁጣ መለሰለት። 5ኛውን የማዳበሪያ ነጋዴ ጠበቃ አደረገውና (ይህ አግባብ አልነበረም) የትግራይን ልምድ አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1996 የዘላቂ ልማት ተቋም ከክልሉ ግብርና ቢሮና ከገበሬዎች ጋር የጀመረው ሥራ፣ ኮምፖስት የተጨመረበት ማሳ ምንም ካልተጨመረበት በግልጽ የበለጠ፣ በብዙ ቦታም ከኬሚካል ማዳበሪያ የሚስተካከል ወይም የሚልቅ ምርት እንደሰጠ አሳይቷል። ሥራውን ከመሩት መካከል ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እንደነበሩ፣ ዶክተር ተወልደ ብርሃንም እ.ኤ.አ. በ2000 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን እንደተቀበሉ አስታወሰ። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ስማቸው በዚህ ክርክር መሐል በክብር መነሣቱ ደስ አሰኝቶኛል።

7ኛዋ መላሽ ሁለቱንም አረመች። ለ6ኛው፣ እንደ አብርሃ ወአጽብሃ ያለው የትግራይ መንደር የተለወጠው በኮምፖስት ብቻ ሳይሆን ተራራውን ከልክሎ፣ እርከን ሠርቶ፣ የከርሰ ምድር ውሃውን መልሶ በማግኘቱ ጭምር እንደሆነ አመለከተችው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማት የተሰጠውም ለዚህ ሁሉ ነው። ደግሞም ኮምፖስት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ለቤት ለሚቀርበውና ዱሮም ለም ለሆነው መሬት ስለሆነ፣ ማሳን ከማሳ ስናወዳድር ጥንቃቄ ያሻል አለች። ለ5ኛው ደግሞ የጠያቂው እናት ያላቸው አንድ ጥማድ እንጂ ሄክታር እንዳልሆነ አስታወሰችው። አንድ ጥማድ የሄክታር ሩብ ያህል ነው፤ ቀድሞ በተለመደው ምክር መሠረት በሄክታር አንድ ኩንታል ዩሪያ ከተባለ ለጥማዱ 25 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ይህን የሚተካው ኮምፖስት 23 ኩንታል ነው። በደንብ የተሠራ የአንድ ሜትር ጥልቀት፣ የአንድ ሜትር ተኩል ወርድና የሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ጉድጓድ ሲበስል በግማሽ ቢቀንስ ዘጠኝ ኩንታል ያህል ይገኝበታል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሦስት ጉድጓድ ጉዳይ ነው። ኮምፖስቱ ቀስ ብሎ መለቀቁም ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ዩሪያ በአንድ ዝናብ ሊታጠብ ይችላል፤ ይህኛው ግን ውሃ ይይዛል፣ በሚቀጥለውም ዓመት ያው ማሳ ውስጥ ይገኛል።

ሦስት ጉድጓድ የሚለውን ሳነብ ተደስቼ ነበር። ደስታዬን ያስቆመው 8ኛው መልስ ነው፤ ከጻፉት ሁሉ ጉዳዩን ከሥሩ ያየችው ይህች መላሽ ናት ብዬ አምናለሁ። ያደገችው በዚያው በሰሜን ሸዋ ደጋ ሲሆን፣ እስከዚያ የጻፍነው ሁሉ እበቱ ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ የሚጠብቀን አስመስለን መነጋገራችን እንዳሳዘናት ገለጠች። በእነዚያ መንደሮች እበት ማለት ማገዶ ነው። ሴቲቱ ገና ሳይነጋ ከበረቱ በእጇ ታፍሰዋለች፤ ከገለባ ፍርፋሪ ጋር ታሸዋለች፤ በመዳፏ ጠፍጥፋ በግድግዳውና በሜዳው ላይ ታሰጣዋለች፤ ሲደርቅ ገልብጣ፣ ሰብስባ፣ ለክረምቱ እንደ ቤት አድርጋ ትከምረዋለች፤ ከቤት ፍጆታ የተረፈውንም ገበያ አውጥታ ጨውና ዘይት ትገዛበታለች። የጓሮውን ጥራጊ የምትጠርግ፣ ውሃውን የምትቀዳ፣ ቅርጫቱን የምትሸከምም ያችው ሴት ናት። እንግዲህ ኮምፖስት ይሠራ ሲባል ከማን ማገዶ፣ ከማንስ ወገብ ላይ እንደሚነሣ ቀድሞ ይጠየቅ አለች። መነሻው ጉድጓዱ ሳይሆን ምድጃው መሆኑን፣ ምርጥ ምድጃ እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ከቆጠበ በዚያ ልክ ኩበት ሊተርፍ እንደሚችል፣ ከሳር ቤቱ ዙሪያ የሚተከል ትሪ ሉሰርን የሚባል ዛፍም ማገዶና መኖ ሆኖ እበቱን ሊያስለቅቅ እንደሚችል አብራርታ፣ ለእኔ አንድ ጥያቄ ተወችልኝ፦ እናቴ በቀን ስንት ኩበት ታነዳለች? ማወቅ የሚገባኝን ይህን ነገር አላውቅም ነበር።

9ኛው መላሽ ባዮጋዝን፣ ማለት እበት በተዘጋ ጉድጓድ ሲብላላ የሚወጣውን ጋዝ፣ መፍትሔ አድርጎ አቀረበ፤ ጋዙ ለምድጃ፣ የሚወጣው ዝቃጭ ለማሳ ይሆናልና። 10ኛዋ ወዲያው ተቃወመችው። ለባዮጋዝ ቢያንስ አራት ያህል ከብትና የእበቱን ያህል ውሃ በየቀኑ ያስፈልጋል፤ በደጋው ቅዝቃዜ ጋዙ ይቀንሳል፤ ተራው የባዮጋዝ ምድጃም ወጥ ይሠራል እንጂ የእንጀራ ምጣድ አያግልም፤ በእኛ ቤት ደግሞ ማገዶን የሚጨርሰው ምጣዱ ነው። በእርሷ ሰፈር ተሠርቶ ውሃ በማጣት የደረቀ ጉድጓድ መኖሩንም ተናግራለች። ሁለት ላም ላላት እናቴ ይህ መንገድ እንደማይሆን ተቀበልሁ።

11ኛው ውይይቱን ወደ አዲስ አበባ ወሰደው። በመጋቢት 2009 በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ቀን አንሥቶ፣ ከአትክልት ተራ የሚወጣው ቅጠል ብቻ ለስንት የገጠር ማሳ በበቃ ነበር ሲል በምሬት ጻፈ። ሐዘኑን እጋራለሁ፤ ነገር ግን የከተማ ቆሻሻ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ለዚሁም 12ኛው መላሽ ምክንያቱን ሰጠ። ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ ባትሪ ድንጋይና የመድኃኒት ዕቃ ተደባልቆ የመጣን ቆሻሻ ማሳ ላይ መድፋት መሬቱን መመረዝ ነው። ይህ መልስ ለመንደሩም ይጠቅማል፤ የእናቴን የአጥር ሥር ጉብታ ስቆፍር ከአካፋዬ ጋር የወጣው የሳሙና ልባስና የተቀደደ ፌስታል ትዝ አለኝ። ከዚያው ጋር አጥንትና የሥጋ ትርፍ እንዳይጨመር (ጅብና ውሻ ክምሩን ያፈርሱታል)፣ የሰው ዐይነ ምድርም ከሚበላው ሰብል እንዲርቅ አስጠንቅቋል፤ የወስፋት እንቁላል የሚሞተው ክምሩ ውስጡ ሁሉ በእኩል ለቀናት ከ55 ዲግሪ በላይ ሲግል ነው፤ በቤት ክምር ደግሞ ጠርዙ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው።

13ኛው መልስ ከጉራጌ አገር ነው፤ በጣም ወድጄዋለሁ። የጻፈው ሰው ስለ ኮምፖስት ምንም ሥልጠና ሳይሰጥ ዘመናት ያስቆጠረውን የአያቶቹን ሥርዓት ገለጠልን። ከብቱ ማታ የሚያድረው ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ነው። ጠዋት በረቱ ሲጠረግ እበቱ፣ ሽንት የጠጣው ጉዝጓዝ፣ አመዱና የወጥ ቤቱ ትርፍ ሁሉ በአንድነት ይወጣና በየተራ ከእንሰቱ ሥር ይደፋል፤ ዛሬ ለዚህኛው ረድፍ፣ ነገ ለሚቀጥለው። ለቤት የሚቀርበው አፈር ጥቁርና እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ከቤት እየራቁ ሲሄዱ ቀለሙም ልማቱም ይቀንሳል። አያቱ የትኛው እንሰት መቼ እንደቀመሰ በቃሏ ታውቅ እንደነበር ጽፏል። ከዚህ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ሽንቱ ነው፤ ከከብት ከሚወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ በሽንት ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ እኛ በረቱ ወለል ላይ ሰምጦ እንዲቀር እንተወዋለን። ለኩበት የማይሆን፣ ለክምር ግን ከእበቱ የማይተናነስ ነገር ይኸው ነበር።

14ኛው ኦርጋኒክ (ያለ ኬሚካል የተመረተ) ስለሚለው ቃል አጥብቆ ጻፈ። ማዳበሪያ መግዛት ያቃተው ሰው ማሳ ሁሉ ኦርጋኒክ ሊባል እንደማይገባ፣ አገራችን በ1998 ዓ.ም. የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488ን ያወጣች በመሆኗ ቃሉ ምርመራና ማረጋገጫ የሚጠይቅ መሆኑን አሳሰበና፣ በጥያቄዬ የመጀመሪያ ርእስ ለመንደር ገብስ ይህን ስም የሰጠሁትን እኔን ባለማወቅ ከሰሰኝ። እውነቱን ነው፤ ርእሴን አስተካክያለሁ። 15ኛዋ ግን ለእርሱ የተቆጣ መልስ ሰጠች፤ ወረቀት የሌላት ሴት መሬቷን ማከሟ ከወረቀት በፊት የነበረ እውቀት ነው አለች። ከዚህ በኋላ ሁለቱ የተለዋወጡት ከጉዳዩ የወጣ ስለሆነ አላሰፍረውም።

16ኛው መልስ የ5ኛው ሰው ነበር፤ ተመልሶ መጣ። የ7ኛዋን ስሌት እንደመረመረና ስለ ጥማዱ ትክክል መሆኗን እንደተቀበለ፣ የ8ኛዋን መልስም ሁለት ጊዜ እንዳነበበ ገለጠ። የእርሱ ምክር ሁለቱን ማጣመር ሆነ፦ ኮምፖስቱ መጀመሪያ ለጓሮው፣ እያደገ ሲሄድ ለገብሱ ይድረስ፤ ከረጢቱ ደግሞ በአንድ ዓመት ሳይጣል፣ ኮምፖስቱ በጨመረ ቁጥር ይቀነስ። አህያውን በተመለከተ የጻፈብኝንም ይቅርታ ጠይቋል።

የ8ኛዋን ጥያቄ ይዤ ለእናቴ ደወልሁ። በአዘቦት ቀን ለወጥና ለቡና ሰባት ስምንት ኩበት፣ እንጀራ በምትጋግርበት ቀን ግን ከሃያ በላይ እንደምታነድ ነገረችኝ፤ ለምን እንደጠየቅኋት ስነግራትም ኩበቷን እንደማትሰጠኝ ሳታንገራግር አስታወቀችኝ። የበጎቹን በጠጥና የጥጃውን ጉዝጓዝ ግን ለኩበት ስለማይሆኑ ውሰዳቸው ብላለች፤ ቆሻሻውንም ከፌስታሉ እየለየች በተሰነጠቀው እንስራ ታጠራቅምልኛለች። ቅድመ ሁኔታዋ ሁለት ነው። ክምሩ በደጇ ሳይሆን ከጎመኑ መደብ በላይ፣ ነፋሱ ወደ ጎረቤት በማይወስደው በኩል ይሁን፤ የመጀመሪያዎቹን ቅርጫቶች ደግሞ እኔው ራሴ እሸከም። ለመስቀል ስሄድ እጀምራለሁ፤ ዱላውን በስንተኛው ቀን ሞቆ እንዳገኘሁት እዚሁ እጽፋለሁ።